የመነጽር ወረቀትዎን ራስዎ ያንብቡት

ዓይኑን ተመርምሮ መነጽር የታዘዘለት ሰው ሁሉ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ብዙዎቻችን አጥፈን ኪስ እንከታታለን። መነጽር ቤት ስንደርስም እንደታጠፈች አውጥተን እንሰጣለን። የተጻፈው ለመነጽር ሠሪው እንጂ ለእኛ አይመስለንም። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ቁጥሮቹ ስለ ራሳችን ዓይን ነው የሚናገሩት። ለመረዳትም መደመር፣ መቀነስና ትንሽ ማካፈል ይበቃል። አንዲት የመቀነስ ምልክት ብትሳሳት ደግሞ መነጽሩ ለምንም አይሆንም፤ ስህተቱን ቀድሞ ማየት የሚችለው የወረቀቱ ባለቤት ነው።

በምሳሌ እንሂድ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የሚኖሩ የ46 ዓመት መምህርት አሉ እንበል። ወረቀታቸው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

ቀኝ፦ −1.75 / −0.50 × 170
ግራ፦ −2.25 / −0.75 × 10
አድ፦ +1.50
ፒዲ፦ 63

ቀኝና ግራ ብዙ ጊዜ በላቲን ምህጻር ነው የሚጻፈው። ኦ.ዲ. ቀኝ ዓይን ነው፣ ኦ.ኤስ. ግራ፣ ኦ.ዩ. ሁለቱም። በሰንጠረዥ ከመጣ ኤስ.ፒ.ኤች. የሚለው የመጀመሪያው ቁጥር፣ ስፌር ነው፤ ሲ.ዋይ.ኤል. የሚለው ሁለተኛው፣ ሲሊንደር። ሦስተኛው፣ ከ× ቀጥሎ ያለው፣ አክሲስ ነው። ሲሊንደርን፣ አክሲስን፣ አድንና ፒዲን በየተራቸው እናያቸዋለን። ስፌር ቦታ ላይ ፒ.ኤል. ወይም ፕላኖ ካዩ ዜሮ ማለት ነው።

ማይነስና ፕላስ

እኛ "ቁጥር" የምንለው ነገር መለኪያው ዳይኦፕተር ይባላል። ይህን መለኪያ በ1872 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሞኖየ የተባለ ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ነው። ሒሳቡ 1ን በሜትር ለተለካ ርቀት ማካፈል ነው። ከሩቅ የመጣ ብርሃንን 1 ሜትር ላይ የሚሰበስብ ሌንስ 1 ዳይኦፕተር አለው። ግማሽ ሜትር ላይ የሚሰበስብ 2፣ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚሰበስብ ደግሞ 4። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ሌንሱ ይበረታል።

ማይነስ የተጻፈለት ሰው ቅርቡ ይታየዋል፣ ሩቁ ይደበዝዝበታል። እስከ የት ነው ጥርት ብሎ የሚታየው? 100ን ለቁጥሩ ያካፍሉ፣ መልሱ በሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሲሊንደሩን ለጊዜው እንተወውና የመምህርቷ ቀኝ ዓይን ያለ መነጽር እስከ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያያል፣ ግራው እስከ 44። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውም የተማሪዎቹ ፊትም ይደበዝዛል። ማይነስ 4 የሆነ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃለታል። ደጅ ወጥቶ ባጃጅ ሲጠብቅ የምትመጣው ሰው ትጫን ባዶ ትሁን አይለይም።

ፕላስ እንዲህ በቀላሉ አይገለጽም። ፕላስ ያለበት ልጅ ሩቁንም ቅርቡንም ሊያነብ ይችላል። ዓይኑ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ቅርጹን እየለወጠ ጉድለቱን ይሞላለታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል። ራሱን የሚያመው፣ ማንበብ የሚሰለቸው ልጅ "ዓይኑማ ደህና ነው" ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹ በ0.25 ነው የሚራመዱት። ከ−1.75 ቀጥሎ −2.00 ይመጣል። ስለዚህ ነጥቧንና ምልክቷን አጥብቀው ይዩ። በጥድፊያ የተጻፈ 0.50 እና 5.00 ወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ። ዓይን ላይ ሲሆኑ ግን የትየለሌ ልዩነት አላቸው። ምልክቷ ካልታየችዎ ከክሊኒኩ ሳይወጡ "ማይነስ ነው ፕላስ?" ብለው ይጠይቁ።

ቁጥሩ የበሽታ ደረጃ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሌንስ መጠን ነው። ምርመራው ላይ ከሚጻፈው 6/6፣ 6/12፣ 6/60 ጋርም አይደባለቅ። ይህኛው ስኔለን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በ1862 እ.ኤ.አ. ካወጣው የፊደል ሰሌዳ የመጣ ነው። 6/12 ማለት ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ፊደል እርስዎ 6 ሜትር ቀርበው ነው የሚያነቡት ማለት ነው። አንዱ ምን ያህል እንደሚያዩ ይናገራል፣ ሌላው ምን ሌንስ እንደሚያሻዎት። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ቋሚ ቀመር የለም። በመነጽርም ቢሆን 6/6 የማይደርስ ዓይን ካለ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ስለሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

"መነጽር ካደረግሁ ዓይኔ ይሰንፋል" የሚለውን ወሬ አንድ ቦታ ላይ ማቆም አለብን። መነጽር ዓይን አያሰንፍም። ማይነሳቸው የሚጨምር ልጆች የሚጨምርባቸው የዓይን ኳሳቸው እየረዘመ ስለሚሄድ ነው። መነጽሩን መከልከል ወይም ሆን ብሎ ቁጥሩን ማሳነስ ዕድገቱን አይገታውም። ልጁ ከጎረቤቱ ደብተር እየገለበጠ ዓመቱን ይጨርሳል፣ ያ ብቻ ነው ትርፉ።

ሲሊንደርና አክሲስ

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ዓይን በጠቅላላው ወደ 60 ዳይኦፕተር ጉልበት አለው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ከኮርኒያ ነው። ኮርኒያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከጎበጠ ስፌር ብቻ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ዘንድ ግን እንደ እንቁላል ጎን ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ይበልጥ ይጎብጣል። ስለዚህ የቆመ መስመርና የተጋደመ መስመር እኩል አይጠሩም። ማታ የመኪና መብራት ተሰነጣጥቆ ይታያል። አስቲግማቲዝም የሚባለው ይህ ነው። ስሙ ቢያስፈራም የቅርጽ ጉዳይ ነው።

ሲሊንደሩ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አክሲስ ደግሞ አቅጣጫውን ብቻ ይናገራል፤ ጉልበት የለውም። ከ1 እስከ 180 ዲግሪ ይቆጠራል። 180 አግድም ነው፣ 90 ቁም ነው። ስለዚህ የመምህርቷ ቀኝ ዓይን 170፣ ግራው 10 መሆኑ አንዱ ከሌላው ባሰ ማለት አይደለም። ሁለቱም አግድም ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ 10 ዲግሪ ዘንበል ብለዋል። ሁለት ዓይኖች እንዲህ ፊት ለፊት እንደተያዩ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

የሲሊንደሩ ጉልበት የሚያርፈው ከአክሲሱ 90 ዲግሪ ዞሮ ነው። የቀኙ ሌንስ በ170 አቅጣጫ −1.75 ሲሆን በ80 አቅጣጫ −2.25 ይሆናል። አንድ ሌንስ፣ ሁለት ጉልበት።

አክሲሱ ቢዛነፍስ? 10 ዲግሪ ከተዛነፈ ሲሊንደሩ ከሚሰጠው ጥቅም ሲሶው ይጠፋል። 30 ዲግሪ ከተዛነፈ ጥቅሙ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ ባይኖር ይሻል ነበር የሚያሰኝበት ደረጃ ነው። ለዚህ ነው የተጣመመ ፍሬም ተራ ነገር ያልሆነው። ተተኝቶበት ወይም ተቀምጦበት የጎበጠ መነጽር ሌንሱ ምንም ሳይሆን ዕይታው ይበላሻል። መነጽር ቤት ወስደው ያስቃኑት። የደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ያለ ምክንያት የሚደነግጥበትን ላንሳ። ያንኑ ሌንስ በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንዱ መርማሪ ሲሊንደሩን በማይነስ ይጽፋል፣ ሌላው በፕላስ። መቀየሪያው ይኸውና፦ ስፌሩንና ሲሊንደሩን ይደምሩ፣ ያ አዲሱ ስፌር ነው። የሲሊንደሩን ምልክት ይገልብጡ። አክሲሱ ላይ 90 ይጨምሩ፣ ከ180 ካለፈ በመጨመር ፈንታ ይቀንሱ። የመምህርቷ ቀኝ ዓይን −1.75 / −0.50 × 170 ነበር። ሲደመር −2.25 ይሆናል። ሲሊንደሩ +0.50 ይሆናል። 170 ሲቀነስ 90 ደግሞ 80። እናም −2.25 / +0.50 × 80 ተብሎ ይጻፋል። ሐረር ሄደው ቢመረመሩና ይህን ቢያገኙ "በአንድ ወር ቁጥሬ ጨመረ!" ሊሉ ይችላሉ። ቅንጣት አልጨመረም። የቀድሞውን ወረቀት መጣል የሌለብንም ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ወደ አንድ አጻጻፍ አምጥቶ ማነጻጸር ይቻላል።

ከአርባ ዓመት በኋላ

ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚያልፍ ሰው ልብስ ሰፊዎቹን ልብ ብሎ ቢያይ ይህን ክፍል ግማሹን ተማረ ማለት ነው። ወጣቱ መርፌውን አፍንጫው ሥር አድርጎ ክሩን ይከታል። አንጋፋው ግን ክንዱን ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ ነው የሚሞክረው። ዕድሜ ወደ 40 ሲጠጋ የዓይን ውስጠኛው ሌንስ ይደርቃል፤ እንደ ድሮው ቅርጹን እየለወጠ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል። ይህ ለሁሉም ሰው ይመጣል። የማይቀር ነው።

አድ የሚባለው ቁጥር ይህን ይሞላል። ሁልጊዜ ፕላስ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ለሁለቱም ዓይኖች አንድ ነው። የሚደመረው በርቀቱ ቁጥር ላይ ነው። የመምህርቷን እንሥራ፦ ቀኝ −1.75 ሲደመር +1.50፣ −0.25 ይሆናል። ግራ −2.25 ሲደመር +1.50፣ −0.75። ሲሊንደርና አክሲሱ አይነካም። የንባብ መነጽራቸው ቁጥር ይህ ነው። ለዜሮ በጣም የቀረበ መሆኑን ልብ ይበሉ። ደብተር ሲያርሙ መነጽራቸውን አውልቀው የሚመቻቸው ለዚህ ነው። "ቅርቡ ያለ መነጽር ይታየኛል፣ እንግዲያው ዓይኔ እየተሻለው ነው" ቢሉ ግን አይደለም። ማይነሱ አድ ሆኖ እያገለገላቸው ነው።

አድ ስንት ይሁን የሚለው በዕድሜ ብቻ አይወሰንም። ሥራዎ ከዓይንዎ ምን ያህል ይርቃል? 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ለማየት በጠቅላላው 2.50 ዳይኦፕተር ያስፈልጋል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ 2.00 ይበቃል። ከዚህ ላይ ዓይንዎ አሁንም በራሱ የሚሰጠው ይቀነሳል። በ60ዎቹ ዕድሜ ዓይን ከራሱ የሚያዋጣው ከቁጥር አይገባም፤ ሁሉንም ሌንሱ ይሸከማል። ስለዚህ ልብስ ሰፊ፣ ወርቅ ሠሪና ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ዕድሜያቸው አንድ ቢሆንም አንድ ዓይነት አድ አይታዘዝላቸውም። ለምርመራ ከመሄድዎ በፊት በልብስ ሰፊ ሜትር ከዓይንዎ እስከ ሥራዎ ያስለኩ። ቁጥሩን ለመርማሪው ይንገሩ። ሳይጠይቁዎትም ቢሆን ይንገሩ።

ሁለቱን ቁጥሮች በሁለት መነጽር መያዝ ይቻላል። ላይና ታቹ የተለያየ ቁጥር ባለው ሌንስ፣ በባይፎካል፣ አንድ ላይ ማድረግም ይቻላል። ፕሮግሬሲቭ ደግሞ መስመር ሳይኖረው ከላይ ወደ ታች እየተለወጠ ይሄዳል፤ የመጀመሪያ ሰሞን ደረጃ ሲወርዱ ጠንቀቅ ማለት ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሠራ ልኬት

ከድሬዳዋ ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ የተገዛ፣ ቁጥሩ የተፋቀ የንባብ መነጽር ቤት ውስጥ ይኖርዎት ይሆናል። ጉልበቱን ራስዎ መለካት ይችላሉ። ረፋድ ላይ፣ ደጁ ብሩህ ሲሆን፣ ክፍሉን አጨልመው በሩን ብቻ ክፍት ያድርጉ። ከበሩ ትይዩ ካለው ነጭ ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ። መነጽሩን ከግድግዳው ፊት ይዘው ቀስ እያሉ ያርቁት። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ግድግዳው ላይ ይሣላል። ተገልብጦ፣ በቀለም፣ ባጃጁ ጣሪያው ወደ ታች ሆኖ ሲያልፍ ያያሉ። ልጆች ካሉ ይጥሯቸው፣ ደስ ይላቸዋል። በሩን ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ያለው ነገር ጥርት ሲል ያቁሙና ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ይለኩ። በሩ ቅርብ ስለሆነ ያሳስታል። 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መነጽሩ +2.00 ነው። 40 ከሆነ +2.50፣ 33 ከሆነ +3.00። ፀሐይን ራሷን ግን አይሞክሩ፤ ያቃጥላል።

ማይነስ ሌንስ እንዲህ አይሥልም። እሱን በሌላ መንገድ ይለዩታል። መነጽሩን ክንድ ያህል አርቀው በአንዱ ሌንስ የመስኮቱን ብረት እያዩ ግራ ቀኝ ያንቀሳቅሱት። ብረቱ ከሌንሱ ጋር አብሮ ከሄደ ማይነስ ነው። በተቃራኒው ከሄደ ፕላስ። ሌንሱን እንደ መሪ ሲያዞሩት መስመሩ ከተጣመመ ሲሊንደር አለበት። +2.00 እና −2.00 ቢያነባብሩ ደግሞ ብረቱ ንቅንቅ አይልም፣ ተጣፍተዋል።

የተዘጋጀ የንባብ መነጽር ሩቁ ደህና ለሚታየው፣ ቅርቡ ብቻ ለቸገረው ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ሁለቱም ሌንሶች አንድ ቁጥር ናቸው፣ ሲሊንደርም የላቸውም። ለመምህርቷ አይሆንም።

ፒዲ፣ ብዙ ጊዜ የማይጻፈው

63 ማለት ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው 63 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ አዋቂ በዚህ ቁጥር አካባቢ ነው። ለንባብ ሲሆን ዓይኖች ወደ ውስጥ ስለሚዞሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል። የሌንሱ መሐል ከብሌኑ ፊት ካልዋለ ሌንሱ ምስሉን ወደ ጎን ይገፋል። የሚገፋበትን መጠን ለማግኘት የተዛነፈውን በሴንቲ ሜትር በሌንሱ ቁጥር ያባዙ። −2.00 የሆነ ሌንስ 4 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ 0.8 ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይችለዋል። −6.00 ቢሆን ግን 2.4 ነው፤ ማለትም 1 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር 2.4 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ተገፍቶ ይታያል። በአንድ ዓይን ብቻ ይህ ሲሆን ራስ ምታቱና ማዞሩ ይመጣል። ቁጥርዎ ትልቅ ከሆነ ፒዲ ሳይለካ መነጽር አያሠሩ።

ከወረቀቱ በፊት

"በኮምፒውተር ታየሁ" የሚባለው ምርመራ ማሽኑ ቁጥሮች የተደረደሩባት ስስ ወረቀት ያወጣል። ለመነሻ ጥሩ ነው። ማዘዣ ግን አይደለም። ከዚያ በኋላ ሌንስ እየቀያየሩ "ይኼ ይሻላል ወይስ ያ?" የሚባለው ክፍል መኖር አለበት። በተለይ ልጆች ማሽኑ ውስጥ ሲያዩ ዓይናቸውን ስለሚያስጨንቁ ማይነሱ ከእውነቱ በልጦ ሊወጣ ይችላል። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ የሚደረግላቸው ዓይናቸው እንዲያርፍ ነው። ጠብታው ከተደረገ ብርሃን ስለሚያስቸግር ለድሬ ፀሐይ ኮፍያ ወይም ጥቁር መነጽር ይዘው ይሂዱ።

ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ስኳሩ በወጣና በወረደ ቁጥር የመነጽሩ ቁጥር ይዋዥቃል። እስኪረጋጋ ቢጠብቅ ገንዘቡም አይባክንም። ሌላው፣ እናትዎ ወይም አባትዎ በስተርጅና ድንገት "ያለ መነጽር ማንበብ ጀመርኩ፣ ዓይኔ ታደሰ" ካሉ ምስጋናው እንዳለ ሆኖ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። የዓይን ሞራ ሲጀምር አንዳንዴ ማይነስ ያመጣል፤ ቅርቡን ለጊዜው ያጠራል፣ ሩቁን ግን ይወስዳል።

ሌንስ ሲመርጡ 1.50፣ 1.59፣ 1.67 የሚሉ ቁጥሮች ይሰማሉ። የዓይን ቁጥር አይደሉም፤ ሌንሱ የተሠራበት ነገር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ ነው የሚናገሩት። ትልቁ ሌንሱ እንዲሳሳ ያደርጋል። ቁጥሩ ማይነስ 4 ላልደረሰ ሰው ለውድ ስስ ሌንስ መክፈል ብዙም አይታየኝም። ለልጅ 1.59 የሆነው ፖሊካርቦኔት በቀላሉ ስለማይሰበር ይመረጣል። ሰማያዊ ብርሃንን የሚቀንሰው፣ ብሉ ከት የሚባለው ሌንስም ዓይን ከስክሪን ድካም ይጠብቃል ተብሎ ይሸጣል፤ እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ግን ከተራ ሌንስ የተሻለ መሆኑን አላሳዩም። ገንዘቡን ለጥሩ ምርመራ ያውሉት። በምሳ ሰዓት መነጽርዎን መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይተዉ፤ ሙቀቱ የሌንሱን ቅብ ይሰነጣጥቀዋል።

አዲሱን መነጽር ሲቀበሉ ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ። መነጽር ቤቱ የሌንስ መለኪያ ማሽን አለው፤ "ለኩልኝ" ይበሉና የሚወጣውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር በምልክቱ፣ በነጥቡና በአክሲሱ ያስተያዩ። አዲስ ቁጥር ለጥቂት ቀናት መሬቱን ዘንበል ያለ ሊያስመስል ይችላል፣ በተለይ ሲሊንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ለታዘዘለት ሰው። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀዎት መነጽሩንም ወረቀቱንም ይዘው ወደ መረመረዎት ባለሙያ ይመለሱ።